የቪትዝ በር ጭረት፦ ቤት ይጠገናል ወይስ አይሞከርም?

ሰላም ጤና ይስጥልኝ። የመኪና ቀለም የምትችሉ ሰዎች፣ እስቲ አንድ በሉኝ።

የምኖረው ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነው። ብርማ ቪትዜን ከብሎኩ ሥር እንደቆመች ባጃጅ ሳይሆን አይቀርም የሾፌሩን በር ፍቆልኝ ሄደ። ማን እንደሆነ ፈጣሪ ይወቀው።

ጭረቱ አንድ ዓይነት አይደለም። እጀታው አካባቢ ያለው ቀጭን ነው። ጥፍሬን ሳሳልፍበት አይዝም፣ ውሃ ሲነካው ደግሞ አይታይም። የተነካው ክሊሩ (ከቀለሙ በላይ ያለው ግልጽ ሽፋን) ብቻ ስለሆነ በፖሊሽ ይለቃል። ችግሬ የታችኛው ነው። ጥፍር ይይዛል፣ ከቀለሙ ሥር ያለው ግራጫው ፕራይመር ታይቷል፣ ጣት በምታህል ቦታ ላይ ደግሞ ላሜራው ራሱ ወጥቷል። ክረምት ነውና ጠርዙን ዝገት ጀማምሮታል።

ጋራዥ ስጠይቅ "በሩ በሙሉ ካልተቀባ አይሆንም" አሉኝ። የጠሩት ዋጋ ለዚች ጭረት አይዋጥም! የቀለም ኮዱን ኮፋኖ ሥር ካለው ሰሌዳ ላይ አይቻለሁ፤ 1ኤፍ7 ነው። በዚሁ ኮድ ትንሽ ላስበጠብጥ አስቤያለሁ።

ግራ የገባኝ እዚህ ላይ ነው። ዝገቱን በብርጭቆ ወረቀት አንስቼ ፕራይመር ከቀባሁ በኋላ ቀለሙን በቀጭን ብሩሽ ልንካው ወይስ በስፕሬይ ልርጨው? ብርማ ቀለም በብሩሽ ሲነካ ጠቆር ብሎ ይታያል ይባላል። ክሊሩስ ከድሮው ጋር ሲገናኝ መስመር እንዳይሠራ ምን ይደረጋል? በ2000 ቁጥር ወረቀት በውሃ ማለስለስ ይበቃል?

ጣሪያ ያለው ቦታ የለኝም። ጠዋት የገልባጭ አቧራ፣ ከሰዓት ዝናብ ነው። እንዲህ ባለ ቦታ ሠርቶ የተሳካለት ካለ፣ በየንብርብሩ መሃል ምን ያህል ሰዓት አደረቃችሁ?