«ዕድሜ» ወይስ «ዘመን»? የየብስ አጥቢዎች ጉዳይ

ጠያቂ (ደብረ ማርቆስ)፦ ሰላም የቋንቋ ወዳጆች። ለተማሪዎች ጽሑፍ እያዘጋጀሁ ነው። በእንስሳት ቅሪተ አካል የሚከፈለውን የጥንት ጊዜ አንድ ተርጓሚ «የየብስ አጥቢዎች ዕድሜ» ብሎታል። ጆሮዬ አልተቀበለውም። ምን ትላላችሁ?

መልስ (ደጀን)፦ ጆሮህ ልክ ነው ወንድም ዓለም፣ «ዘመን» በለው። ዕድሜ ቁጥር ነው፣ ስንት ዓመቱ ነው ሲባል የሚመለስ። ዘመን ግን በባለቤቱ ይታወቃል። ዘመነ መሳፍንት ሲባል ዓመተ ምሕረቱን የማያስታውስ ሰው እንኳ እነማን እንደነበሩበት ያውቃል። እዚህ መሳፍንቱ እንስሳቱ ናቸው፤ እነማን አብረው ኖሩ፣ ማን አዲስ መጣ፣ ማን ጠፋ እየተባለ ጊዜው ይከፈላል። አሜሪካኖች ይህን ሥርዓት ያወጡት በ1941 እ.ኤ.አ. ነው። የመጨረሻውን ዘመን ራንቾላብሪያን ያሉት ሎስ አንጀለስ ባለው የራንቾ ላ ብሪያ የቅሪተ አካል ቦታ ስም ነው፣ መግቢያው የሚለየውም ባይሰን በሚባለው ጎሽ መምጣት ነው።

ታዲያ ነገሩ የቃላት ጨዋታ እንዳይመስልህ። ቱርካና ሐይቅ አጠገብ ኬቢኤስ የሚባል የእሳተ ገሞራ አመድ ንጣፍ አለ። መጀመሪያ 2.6 ሚሊዮን ዓመት ነው ተባለ። ከሥሩ የወጡት የከርከሮ ዘመዶች ግን አልገጥም አሉ። የእነዚህ እንስሳት የመጨረሻው መንጋጋ ጥርስ ዘመን በገፋ ቁጥር እየረዘመና ከፍ እያለ ይሄዳል። እዚሁ እኛ አገር ኦሞ ሸለቆ ደግሞ አፈሩ በቅደም ተከተል ስለተነባበረ የትኛው ጥርስ የትኛውን እንደሚቀድም በግልጽ ይታያል። ጥርስ ከጥርስ ሲተያይ የቱርካናው ኦሞ ላይ 2 ሚሊዮን ዓመት አካባቢ ካለው ጋር ገጠመ። ክርክሩ ዓመታት ፈጀ፣ በመጨረሻ አመዱ እንደገና ሲለካ 1.9 ሚሊዮን ገደማ ሆነ። ዘመኑ በጥርሱ ቀድሞ ታውቋል፣ የተሳሳተው ዕድሜው ነበር። ሁለቱንም «ዕድሜ» ካልክ ይህን ለተማሪ በምን ታስረዳዋለህ?

ጠያቂ፦ እግዜር ይስጥልኝ! የእኛው አባይ በረሃስ?

መልስ፦ ከደጀን ቁልቁል ስትወርድ ከላይ የምታየው ጥቁር ድንጋይ የዛሬ 30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ የፈሰሰ እሳተ ገሞራ ነው። ከታች ያለው የኖራ ድንጋይ ደግሞ ባሕር ውስጥ የተጠራቀመ ስለሆነ የየብስ አጥቢ አትፈልግበት። ማዶ ጎንደር፣ ጭልጋ ግን አለልህ፤ ዕድሜው 27 ሚሊዮን ዓመት ገደማ። የዝሆን ዘመዶች አሉ፣ ትልልቅ ቀንዶች ያሉት አርሲኖይቴሪየም አለ። አውራሪስ የለም፣ ድኩላ የለም፣ ምክንያቱም አፍሪካ ከእስያ ጋር ገና አልተገናኘችም። ባለሙያ ይህን ዝርዝር ብቻ ቢያይ ቁጥር ሳይነገረው ዘመኑን ይለየዋል። ተማሪዎችህን ከዚህ ጀምርላቸው፣ ቅርባቸው ነው።