የምናስገባው ከምንልከው እጅግ ሲበልጥ ልዩነቱን የሚከፍለው ማን ነው?

ጠያቂ፦ የመለዋወጫ ልጅ

መርካቶ ውስጥ የመኪና መለዋወጫ ከሚያስመጣ አጎቴ ጋር እሠራለሁ፤ ማታ ደግሞ የምጣኔ ሀብት ትምህርት ከጀመርሁ አንድ ሴሚስተር ሆኖኛል። በ2014 በጀት ዓመት ኢትዮጵያ ወደ ውጭ የላከችው ሸቀጥ 4.1 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ሲያስገኝ፣ ያስገባችው ግን ወደ 18 ቢሊዮን ዶላር እንደ ነበረ አነበብሁ። በወር አራት ሺህ ብር የሚያገኝ ቤተሰብ አሥራ ስምንት ሺህ ብር ሊያወጣ ቢነሣ የሰፈሩ ባለሱቅ በሁለተኛው ወር ዱቤ ይከለክለዋል። አገር ግን እንደዚህ ሆና ዓመት ከዓመት ስትቀጥል አያለሁ።

በሥራዬ የማውቀው ይህን ነው። ለፍሬን ሸራና ለፍሪሲዮን ከዱባይ አቅራቢ ፕሮፎርማ (የዕቃውን ዋጋ አስቀድሞ የሚገልጽ ሰነድ) ተቀብለን ለባንክ እናቀርባለን፣ ኤልሲ (ባንኩ ለአቅራቢው እንደሚከፍል ቃል የሚገባበት ሰነድ) እስኪከፈትልን ድረስም ወረፋ እንጠብቃለን። የምንዛሪ ተመኑ በገበያ እንዲወሰን ከመደረጉ በፊት ወረፋው እጅግ ረጅም ስለ ነበረ፣ ተራችን ሳይደርስ ጊዜው እያለፈበት ሦስት ጊዜ ያሳደስነው ፕሮፎርማ አለ። ኤልሲው አንዴ ከተከፈተ ግን አቅራቢው ገንዘቡን ያገኛል። እኛ የከፈልነው ብር ነው፣ እርሱ የሚቀበለው ዶላር ነው፤ ያ ዶላር ከየት መጣ? ብር ሲረክስ የንግድ ጉድለቱ ይጠባል የሚባለውስ በምን መንገድ ነው?

መልስ 1፦ የውጭ ንግድ ክፍል

በአንድ ባንክ የውጭ ንግድ ክፍል ለዓመታት የሠራሁ በመሆኔ የመጀመሪያውን ጥያቄዎን ልመልስ። የጠቀሱት ቁጥር የሸቀጥ ንግድን ብቻ የሚመለከት ነው። ከእርሱ በላይ የክፍያ ሚዛን የሚባል ሰፊ መዝገብ አለ፤ በዚያም የአየር መንገዱ የአገልግሎት ገቢ፣ በውጭ የሚኖሩ ወገኖቻችን የሚልኩት ሐዋላ፣ የውጭ እርዳታ፣ የውጭ ባለሀብቶች ይዘው የሚመጡት ካፒታልና ብድር ይመዘገባሉ። እነዚህ ሁሉ ተደምረው ካልበቁ ብሔራዊ ባንክ ከውጭ ምንዛሪ መጠባበቂያ ክምችቱ ያወጣል። ያልተከፈለ ዕቃ ወደብ አይደርስምና መዝገቡ ሁልጊዜ ሚዛኑን ይጠብቃል፤ ዕቃው በዱቤ ከመጣም ዱቤው ራሱ በዕዳነት ይጻፋል።

አንዲት እኅታችን ሪያድ ውስጥ ሠርታ 300 ዶላር ለእናቷ በባንክ ላከች እንበል። ብዙ ሰው ዶላሩ ወደ ኢትዮጵያ የሚገባ ይመስለዋል፤ ነገሩ ግን እንዲያ አይደለም። ባንካችን ኒውዮርክ ወይም ፍራንክፈርት በሚገኝ ባንክ ሒሳብ አለው፤ 300 ዶላሩ የሚገባው እዚያ ሒሳብ ውስጥ ነው። እናቲቱ ደሴ ላይ ከባንካችን ብር ይወስዳሉ። እርስዎ ለፍሬን ሸራ ኤልሲ ሲያስከፍቱ ደግሞ ያንኑ ዶላር ከባንኩ በብር ይገዛሉ፤ ባንኩም ከውጭ ሒሳቡ ለዱባዩ አቅራቢ ያስተላልፋል። ዶላሩ የኢትዮጵያን መሬት ሳይረግጥ የአንዲት ሴት የጉልበት ዋጋ ወደ ፍሬን ሸራ ተለወጠ ማለት ነው። ወረፋው ረጅም የነበረውም በዚያ የውጭ ሒሳብ ውስጥ ያለው ዶላር ፈላጊው ከሚጠይቀው በእጅጉ ያነሰ ስለ ነበረና ዋጋው ከፍ ብሎ ፈላጊውን እንዳያመጣጥን በሕግ ተይዞ ስለ ቆየ ነው።

ይኸው 300 ዶላር በጥቁር ገበያ ቢላክ ደላላው ዶላሩን ውጭ ያስቀረውና ለእናቲቱ አዲስ አበባ ካለው ወኪሉ ብር ያስከፍላቸዋል። ውጭ የቀረውን ዶላር ሌላ አስመጪ ይገዛውና የዕቃውን ዋጋ አሳንሶ ለጉምሩክ ያሳወቀበትን ልዩነት ለአቅራቢው ይከፍልበታል። ዕቃው በእርግጥ ይገባል፣ ክፍያውም ይፈጸማል፤ ነገር ግን ሁለቱም በሙሉ መጠናቸው መዝገብ ላይ አይታዩም።

መልስ 2፦ የማክሮ መምህር

ከላይ የተሰጠው መልስ ትክክል ነው፤ እኔ የቤተሰቡን ምሳሌ ላንሣ። ቤተሰቡ አሥራ አራት ሺህ ብር የተበደረው ለወር አስቤዛ ከሆነ ባለሱቁ እውነት አለው፤ ለኪራይ የሚሆን ክፍል ለመሥራት ከሆነ ግን ነገሩ ሌላ ነው። የንግድ ጉድለት አንድ አገር ከሚቆጥበው በላይ እየገነባ ወይም እየተጠቀመ መሆኑን ያመለክታል። ጠቅላላ ምርት ለፍጆታ፣ ለመንግሥት ወጪ፣ ለኢንቨስትመንትና ለውጭ ገበያ ይውላል፤ አገር ውስጥ የሚቆጠበው ለኢንቨስትመንቱ ካልበቃ የጎደለው ከሌሎች አገሮች ቁጠባ ይመጣል፣ የሚመጣውም በሸቀጥ መልክ ነው። በመስከረም 2009 ዓ.ም. የተመረቀው የአዲስ አበባ–ጅቡቲ የባቡር መስመር አብዛኛው ወጪ በቻይና ኤክዚም ባንክ ብድር የተሸፈነ ነው። ብድሩ አገር ውስጥ የገባው በአመዛኙ ሐዲድና ሎኮሞቲቭ ሆኖ ነው። በጉምሩክ መዝገብ ገቢ ዕቃ ተብሎ የተጻፈውና በዕዳ መዝገብ ብድር ተብሎ የተጻፈው አንድ ነገር ነው፤ ተማሪዎቼን በብዛት የሚያደናግራቸውም ይህ ነው።

ደቡብ ኮሪያ እስከ 1985 እ.ኤ.አ. ድረስ በአብዛኞቹ ዓመታት እየተበደረች ጉድለት ታሳይ ነበር፤ በ1986 እ.ኤ.አ. ፋብሪካዎቿ ዕዳውን ከፍለው የሚተርፍ ዶላር ማምጣት ጀመሩ። አሜሪካ ከ1976 እ.ኤ.አ. ወዲህ በየዓመቱ ከምትሸጠው በላይ ትገዛለች፤ እርሷ ግን የምትከፍለውም የምትበደረውም በራሷ ገንዘብ ነው። የኢትዮጵያ ነጋዴ በብር ሊከፍለው የሚችለው የውጭ አቅራቢ ስለሌለ የአሜሪካን ምሳሌ ለእኛ ማምጣት አያስኬድም።

ጠያቂ፦ የመለዋወጫ ልጅ

ሁለታችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ሁለተኛው ጥያቄዬ ግን ገና አልተመለሰም። በ1985 ዓ.ም. ዶላር ከ2.07 ወደ 5 ብር ሲወጣ የንግድ ጉድለታችን አልጠፋም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ተመኑ ለገበያ ሲለቀቅ ደግሞ ከ58 ብር ገደማ ተነሥቶ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 አለፈ፤ በ2017 በጀት ዓመት የወጪ ንግዱ ከ8 ቢሊዮን ዶላር በላይ አስገኘ ተባለ። ያኔ ያልሠራው አሁን የሠራው ለምንድን ነው?

መልስ 2፦ የማክሮ መምህር

ጠቅላላ ድምሩን ትተው እያንዳንዱን ሸቀጥ ለየብቻው ይመልከቱ። ከ8 ቢሊዮኑ ውስጥ ከ3 ቢሊዮን በላይ የሆነው ወርቅ ነው። የወርቅ ገቢ በአንድ ዓመት እንዲህ የዘለለው ከመሬት ሥር የሚወጣው በዚያው መጠን ስለ ጨመረ ብቻ አይደለም። ወርቁ አስቀድሞም ይቆፈር ነበር፤ ነገር ግን ብሔራዊ ባንክ በይፋው ተመን ሲገዛ የሚከፍለው ብር ከጥቁር ገበያው በጣም ያነሰ ስለ ነበረ በድንበር ይወጣ ነበር። ሁለቱ ዋጋዎች ሲቀራረቡ ወርቁ ወደ ባንኩ መጣ። ከ2.6 ቢሊዮን ዶላር በላይ ያስገኘው ቡና ደግሞ ከመጠኑ ማደግ ሌላ የዓለም ዋጋም አግዞታል፤ በብራዚል ድርቅ ምክንያት በየካቲት 2017 ዓ.ም. የአረቢካ ዋጋ በፓውንድ ከ4 ዶላር አልፎ ነበር። ዛሬ የተተከለ የቡና ችግኝ ፍሬ ለመስጠት ሦስት አራት ዓመት ይፈልጋል፤ ስለዚህ ብር በረከሰ ማግስት ገበሬው ምርቱን ማብዛት አይችልም።

በገቢ ዕቃው በኩልም ነዳጅና ማዳበሪያ በተወደዱበት ልክ አይቀነሱም። እርስዎስ የፍሬን ሸራ በብር ሲወደድ ደንበኛዎ ፍሬኑን መቀየር ሊተው ይችላል?

መልስ 3፦ ከሜሪላንድ

ሁለቱ ወንድሞቼ መልካም አብራርተዋል፤ የዕዳው ወገን ግን በቂ ትኩረት አላገኘም ብዬ አምናለሁ። ኢትዮጵያ በ2007 ዓ.ም. 1 ቢሊዮን ዶላር በዩሮቦንድ (ለውጭ ባለሀብቶች በሚሸጥ የዕዳ ሰነድ) በ6.625 በመቶ ወለድ ተበደረች። ወለዱ በዓመት 66 ሚሊዮን፣ በየስድስት ወሩ 33 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ነበር። በታኅሣሥ 2016 ዓ.ም. ይህ 33 ሚሊዮን ሳይከፈል ቀረ። ከ18 ቢሊዮን ዶላር ገቢ ዕቃ ጎን ሲታይ እጅግ ትንሽ ገንዘብ ነው፤ አገሪቱ ያን ጊዜ ከአበዳሪ መንግሥታት ጋር ስለ ዕዳ ሽግሽግ እየተደራደረች ስለ ነበረ መንግሥት አበዳሪዎችን ሁሉ በእኩል ዓይን ለማየት ነው ብሎ አስረድቷል። ምክንያቱ ምንም ይሁን ምን፣ አበዳሪ ፊቱን ያዞረበት አገር የጎደለውን በአዲስ ብድር መሙላት ስለማይችል የቀረው መንገድ የሚያስገባውን መቀነስ ነው። ተመኑ በተለቀቀበት ቀን ከዓለም አቀፉ የገንዘብ ድርጅት የተፈቀደው የ3.4 ቢሊዮን ዶላር የአራት ዓመት ብድርም ከዚህ ጭንቀት ተለይቶ መታየት የለበትም።

እዚህ ሆነን ለቤተሰብ የምንልክ ሰዎች ተመኑ ሲለወጥ በአንድ ዶላር ብዙ ብር መድረሱን እናያለን። ደመወዙ በብር የተወሰነ መምህር ግን ያንኑ ለውጥ የሚያየው በዘይትና በመድኃኒት ዋጋ ነው፤ የጉድለቱ ማስተካከያ ሸክም ያረፈውም በእርሱ ላይ ነው።

ጠያቂ፦ የመለዋወጫ ልጅ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። በየጊዜው ልከታተለው የሚገባኝ አንድ ቁጥር ቢኖር የትኛው ነው?

መልስ 1፦ የውጭ ንግድ ክፍል

የመጠባበቂያ ክምችቱ የስንት ወር ገቢ ዕቃ እንደሚሸፍን ይመልከቱ። በተለምዶ ዝቅተኛው መጠን ሦስት ወር ነው የሚባለው፤ ከተመኑ ለውጥ በፊት የእኛ ከአንድ ወር በታች ነበረ፣ ፕሮፎርማዎን ሦስት ጊዜ ያሳደሱትም በዚያ ዘመን ነው።