ሙሉ ፊልም በኮንዶሚኒየም ቤት ውስጥ፦ የተረፈችው ገንዘብ ለሌንስ ወይስ ለድምፅ?

ሲን_አንድ፦

ሰላም ለሁላችሁም። 80 ገጽ ስክሪፕት ይዘን ቀረጻ ልንጀምር ነው። አብዛኛው እናትና ልጅ ሳሎን ቁጭ ብለው የሚነጋገሩበት ነው። ቦታው አዲስ አበባ፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ያለ ባለ ሁለት መኝታ ኮንዶሚኒየም፤ አዘጋጇም ፕሮዲውሰሯም እኔው ነኝ። ካሜራው ከአሜሪካ የመጣ ነው፣ ሁለት ባለ 60 ዋት ኤልኢዲ መብራት አለን። የተረፈችን ገንዘብ ወይ ጥሩ ሌንሶች ታከራየናለች፣ ወይ አንድ የድምፅ ባለሙያ ከነዕቃው ትቀጥርልናለች፤ ለሁለቱም አትበቃም። በሙከራ ቀረጻው ድምፁ ባዶ አዳራሽ ውስጥ የተቀዳ ይመስላል። ምስሉ ላይ ደግሞ የጠቆረ መስመር ቀስ እያለ ይንቀሳቀሳል። መብራት ሲጠፋስ ምን ታደርጋላችሁ? በዝርዝር ጻፉልኝ፤ ይህንንማ ታውቀዋለች ብላችሁ አትዝለሉብኝ።

ቡም_ያዥ፦

እህቴ፣ ሳታመነቺ ለድምፅ አውጪው። ተመልካች ትንሽ የጨለመ ምስል ችሎ ያያል፤ ንግግሩ ካልተሰማው ግን ከታሪኩ ይወጣል። «በኋላ ስቱዲዮ ገብተን እናስደግመዋለን» የሚሉሽ ካሉ አትስሚያቸው። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ንግግር የሆነን ፊልም ከከንፈር ጋር እያገጣጠሙ መድገም ብዙ ቀንና ብዙ ገንዘብ ይበላል፣ ሳሎን ውስጥ የነበረው ስሜትም ተመልሶ አይገኝም።

ማስተጋባቱ የሚመጣው ከኮንክሪቱ ጣሪያ፣ ከወለሉና ከባዶው ግድግዳ ነው። ባለሙያው ረጅሙን ሾትገን ማይክ ብቻ ይዞ እንዳይመጣ አስቀድመሽ ንገሪው። ሾትገን ከጎን የሚመጣን ድምፅ የሚቀንሰው ረጅም ቱቦው ላይ ባሉት ክፍተቶች ነው፤ ጠባብና ዝቅተኛ ጣሪያ ያለው ክፍል ውስጥ ግን ያው የተዋናይዋ ድምፅ ጣሪያ ነክቶ በነዚያ ክፍተቶች ይገባና ሻካራ ቃና ይፈጥራል። ቤት ውስጥ አጭሩ ሃይፐርካርዲዮይድ (ያለ ረጅም ቱቦ ከፊቱ ያለውን ድምፅ ለይቶ የሚቀበል ማይክ) ይሻላል። ቡሙ (ማይኩ ጫፉ ላይ የሚታሰርበት ረጅም ዘንግ) ከራስ በላይ ሆኖ ከአፏ ከ40 እስከ 60 ሴንቲሜትር ይራቅ፣ አፍንጫው ወደ ደረቷ ያመልክት። ርቀቱ በእጥፍ በጨመረ ቁጥር የክፍሉ ድምፅ የሷን እየዋጠ ይሄዳል፤ ስለዚህ ካሜራማኑ ከራስ በላይ የሚተወውን ባዶ ቦታ ከቡም ያዡ ጋር ተነጋግሮ ይወስን።

የእንቁላል ካርቶን ግድግዳ ላይ መለጠፍ ለንግግር ድምፅ እዚህ ግባ የሚባል ጥቅም የለውም። ወፍራም ብርድ ልብስና ጋቢ ደርበሽ፣ ከግድግዳው አንድ ስንዝር ያህል አርቀሽ ስቀዪ፤ ተጣብቆ ከተሰቀለ የሚውጠው ቀጭኑን ድምፅ ብቻ ነው። መጀመሪያ የሚሸፈነው ተዋናይዋ ፊቷን ያዞረችበት፣ ማለትም ከካሜራው ጀርባ ያለው ግድግዳ ነው። ፍሬም ውስጥ በማይገባው ወለል ላይ ምንጣፍ አንጥፊ።

የደረት ማይክ ለመጠባበቂያ ጥሩ ነው፣ ነጠላ ለለበሰች እናት ግን አስቸጋሪ ነው። ነጠላው በተንቀሳቀሰ ቁጥር ማይኩን ያሻሸዋል፤ አዲስና ያልታጠበ ከሆነማ አይጣል ነው። ቀድማችሁ እጠቡት። ማይኩን ነጠላው ላይ ሳይሆን ከውስጥ ካለው ቀሚስ ጋር፣ በሁለቱም ፊት በሚጣበቅ ፕላስተር አጣብቁት። ከማይኩ በታች ገመዱን አንድ ዙር ጠቅልላችሁ በፕላስተር ያዙት፤ ገመዱ ሲሳብ ጉተታው ማይኩ ጋ አይደርስም።

ቅጂው 48 ኪሎኸርዝ፣ 24 ቢት ይሁን፤ ንግግሩ ሲጮህ መቅጃው መለኪያ ላይ ከ-12 ዴሲቤል እንዳያልፍ። ፍሪጁን ስታጠፊ የመኪና ወይም የቤት ቁልፍሽን ውስጡ አስቀምጪ፤ ሳታበሪው መሄድ አትችዪም። ከእያንዳንዱ ሲን በኋላ ሰው ሁሉ ባለበት ቆሞ የአንድ ደቂቃ ጸጥታ ቅዱ። ኤዲተሩ የተቆራረጠውን ንግግር የሚሰፋው በዚያ ነው።

የቀኑን ፕሮግራም ስታወጪ ሰፈሩን አዳምጪ። ረጅሙን ንግግር የሰፈር ልጆች ትምህርት ቤት ባሉበት፣ ከጠዋቱ 3 እስከ 6 ሰዓት ቅረጹ። የቀትር አዛን 6 ሰዓት ተኩል ገደማ ስለሆነ ምሳችሁን ያኔ ብሉ። በጾም ወቅት ቅዳሴ ወደ ከሰዓት ስለሚገባ በአቅራቢያ ቤተ ክርስቲያን ካለ ሰዓቱን ቀድመሽ ጠይቂ። ዝናብ ሲመጣ ደግሞ አራተኛ ፎቅ ብትሆኑም የጎረቤት ቆርቆሮ ይሰማል፤ ለክረምት አታቆዩት።

ጥላና_ብርሃን፦

በድምፁ እስማማለሁ። መስመሩ ሌንስ ብትቀይሪም አይጠፋም፤ የሚመጣው ከመብራቱ ነው። የእኛ ሀገር ኃይል 50 ኸርዝ ነው፣ አምፖል በሰከንድ 100 ጊዜ ይደምቃል ይደበዝዛል። ካሜራው ለአሜሪካ 60 ኸርዝ እንደተዘጋጀ በሰከንድ በ30 ፍሬም (ምስል) እና በ1/60 ሹተር (እያንዳንዱ ምስል ብርሃን የሚቀበልበት የሰከንድ ክፍልፋይ) ሲቀርጽ ሁለቱ አይገጥሙም። ሜኑው ውስጥ ገብተሽ ወደ ፓል (ለ50 ኸርዝ ሀገሮች የተዘጋጀው የቪዲዮ ልክ) ለውጪውና 25 ፍሬም፣ 1/50 ሹተር አድርጊው።

ከዚያም በኋላ መስመሩ ካለ ጥፋቱ የኤልኢዲው ሊሆን ይችላል። ርካሽ ኤልኢዲ ብርሃኑን የሚቀንሰው ቶሎ ቶሎ እየጠፋ እየበራ ነው። ሙሉውን አብሪውና ብርሃኑን በርቀት ቀንሺ፦ መብራቱን ሁለት እጥፍ ብታርቂው ፊቷ ላይ የሚደርሰው አንድ አራተኛ ይሆናል። ከፊቱ አቡጀዲ ወጥሪ። አቡጀዲው ለመብራቱ ሲቀርብ ጥላው ይጠነክራል፣ ለተዋናይዋ ሲቀርብ ይለሰልሳል፤ አንድ ሜትር በአንድ ሜትር ተኩል የሆነ የእንጨት ፍሬም ላይ ብትወጥሪው ለሳሎን ይበቃል። የቤቱን አምፖል አጥፊ፤ ቀለሙ ከእናንተ መብራት ጋር ስለማይገጥም ፊት ላይ አረንጓዴ ይጥላል።

አራተኛ ፎቅ ላይ ከመስኮት ውጭ መብራት ማቆም ስለማይቻል መስኮቱ ራሱ ዋና መብራትሽ ይሁን። ፀሐይ በቀጥታ የምትገባበትን ሰዓት ከቀረጻ በፊት መዝግቢ፤ በዚያ ሰዓት የተጀመረ ሲን ሳያልቅ ብርሃኑ ይለወጥብሻል። የሌሊቱን ሲን ቀን መቅረጽ ይቻላል፣ መስኮቱን በጥቁር ላስቲክ ሸፍኑት።

መብራት ባይጠፋም ጎረቤት እንጀራ ሲጋግር ቮልቴጁ ይወርዳል፤ የኤሌክትሪክ ምጣድ ብቻውን 3 ኪሎዋት አካባቢ ይስባል። ስለዚህ ባትሪ ያዢ። ባለ 12 ቮልት 100 አምፒር-ሰዓት ባትሪ 1200 ዋት-ሰዓት ይይዛል። ከግማሹ በላይ ካወረድሽው ዕድሜው ያጥራል፣ ኢንቨርተሩም (የባትሪውን ኃይል ወደ ሶኬት ኃይል የሚቀይረው ዕቃ) የራሱን ድርሻ ይወስዳል፤ 500 ገደማ ቢቀርሽ ሁለቱን መብራት አራት ሰዓት ያበራል። ኢንቨርተሩ ማራገቢያ ስላለው ሌላ ክፍል ተቀምጦ በረጅም ገመድ ይምጣ። የኮምፒውተር ዩፒኤስ ሳሎኑ ውስጥ እንዳይኖር፤ ኃይል ሲቋረጥ እየጮኸ ቴኩን (እየተቀረጸ ያለውን ቅጂ) ያበላሻል።

ቆራጩ_ከሲልቨር_ስፕሪንግ፦

አንድ ነገር ላይ ከጥላና_ብርሃን እለያለሁ፦ 25 ፍሬም አትቅረጹ። ፊልሙ ሲኒማ ቤትና ፌስቲቫል ይገባል ብላችሁ ካሰባችሁ 24 ይሁን፣ ሹተሩ ግን 1/50 ላይ ይቆይ፤ ብልጭታው አይመጣም። ለሲኒማ የሚዘጋጀው የፊልሙ ዲጂታል ቅጂ (ዲሲፒ) ያለ ችግር በየቦታው የሚሠራው በ24 ነው። በ25 የተቀረጸውን ወደ 24 ለማውረድ 4 በመቶ ማዘግየት ይጠይቃል፣ ያኔ ድምፁም አብሮ ይወፍራል፤ ማስተካከያው ተጨማሪ ሥራ ነው። አንዳንድ ካሜራ ፓል ላይ ሲሆን 24ን ስለማያሳይ ካሜራሽን አሁኑኑ አይተሽ ወስኚ። ከ24 እና ከ23.976 አንዱን ምረጪና ካሜራውም የድምፅ መቅጃውም በዚያው ይስተካከሉ።

ከአሜሪካ የመጣ ቻርጀር ላይ 100–240 ቮልት የሚል ካለ መሰኪያ አስማሚ ብቻ ይበቃዋል። 120 ብቻ የሚል ከሆነ ሶኬት ላይ እንዳትሰኪው፣ ይቃጠላል።

ካሜራው በሰከንድ 100 ሜጋቢት ከጻፈ በሰዓት 45 ጊጋባይት ነው። ቀን ላይ ሁለት ሰዓት ቅጂ ቢኖር 90 መሆኑ ነው፤ በሁለት ሃርድ ዲስክ ሲቀመጥ 180። ሁለቱም ላይ ተገልብጦ ፋይሎቹ ተከፍተው ሳይታዩ ካርዱ አይደምሰስ፤ ሁለቱ ዲስኮችም በአንድ ቦርሳ አይጓዙ። ክላፕ (ምስልና ድምፅ የሚገጣጠምበት የሚጋጭ ሰሌዳ) አትርሱ፦ የሲንና የቴክ ቁጥሩ በድምፅ ይነገር፣ እንጨቱ ሲጋጭ ፍሬም ውስጥ ይታይ።

ሲን_አንድ፦

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ለድምፅ እንዲሆን ወስኛለሁ። አንድ የቀረኝ ጥያቄ፦ ትልቁ ጠባቸው ቡና ሲፈላ ነው። ስኒው፣ ሙቀጫው፣ ጭሱ ሁሉ አለበት። እንዴት ይያዛል?

ቡም_ያዥ፦

ከንግግሩ ጋር የሚጋጨውን ድምፅ ሁሉ ለይተሽ ቅጂ። ሙቀጫው የሚወቀጠው ማንም በማያወራበት ሾት ይሁን፤ የሚቆላው ቡና መንሿሿት፣ የጀበናው መፍላት፣ ቡናው ስኒ ውስጥ ሲወርድ ያለው ድምፅ ተዋንያኑ ከወጡ በኋላ ማይኩ በ20 ሴንቲሜትር ተጠግቶ ይቀዳ። በንግግሩ ጊዜ እያንዳንዱ ስኒ ሥር ሳንቲም የምታህል ቁራጭ ስፖንጅ ለጥፊ፣ ረከቦቱ ላይ ሲቀመጥ አይሰማም፣ ካሜራም አያየውም። ተዋናይዋም ስኒውን የራሷን ዓረፍተ ነገር ጨርሳ ታስቀምጥ እንጂ የልጅቱ ንግግር ላይ አታሳርፈው።

ስክሪፕቱ ላይ አቦል፣ ቶናና በረካ የቱ ገጽ ላይ እንደሆነ ምልክት አድርጊ። ከእያንዳንዱ ቴክ በኋላ የስኒውን መጠን፣ የጀበናውን አቀማመጥና የፈንዲሻውን ሳህን በስልክ ፎቶ አንሺ። የዕጣኑን ጭስ ለሰፊው ሾት ብቻ ተጠቀሚበት፤ በቅርብ ሾቶች መሃል ጭሱ በአንዱ ኖሮ በሌላው ከጠፋ ኤዲት ሲደረግ ይዘላል።

ጥላና_ብርሃን፦

ከሰሉን አደራ! መስኮቱ በላስቲክና በብርድ ልብስ ታፍኖ ከሰል ከነደደ መርዙ ሽታ ስለሌለው ማንም አያውቀውም፤ ራስ ምታትና ማጥወልወል ሲጀምር አንዳንዱ ሰው መነሳት ያቅተዋል። ከሰሉ በረንዳ ላይ ተቀጣጥሎ ይቅላ፣ ለሾቱ ብቻ ይግባ፣ «ካት» ሲባል ይውጣ፣ በርና መስኮቱ ይከፈት። ፍሙ በማይታይበት ሾት ጀበናውን ባዶ ምድጃ ላይ አስቀምጡት። ፍም መስሎ መታየት ካለበት ቀይ የተቀባች ትንሽ አምፖል አመድ ውስጥ ቅበሩ።