የሰሌዳውና የምስጋናው ቀን ረቂቅ፦ ሚያዝያ 12 ወረዳ ከመግባቱ በፊት እናርመው

ጸሐፊ
ሰላም ለሁላችሁ። የነዋሪዎች ማኅበራችንና የሦስቱ ዕድሮች የጋራ ሐሳብ ይህ ነው። የምንጠይቀው ሁለት ነገር ብቻ ነው። ከግንፍሌ ድልድይ ወደ አራት ኪሎ በሚወጣው ሰፈራችን ሦስት የወረዳ ዜና ሰሌዳ ማቆም፤ እንዲሁም እሑድ ግንቦት 9 ቀን 2018 ዓ.ም. ሰፈሩን የሚያገለግሉ 12 ጎረቤቶችን በአደባባይ ማመስገን። ገንዘብ አንጠይቅም፤ ፈቃድና መረጃ ነው የምንፈልገው።

ቀኑ ተቆጥሮ ነው የተመረጠው። ፋሲካ ሚያዝያ 4 ነው፣ የአርበኞች ቀን ሚያዝያ 27። ግንቦት ልደታ ቅዳሜ ስለምትውል ያን ቀን ሰው ሁሉ በየደጁ ንፍሮውን ይዞ ነው የሚገኘው። ከ9 በላይ ብንገፋው አረፋ ይደርሳል፤ ሰኔ ከገባ ደግሞ የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ስለሚዘጋ ጽሕፈት ቤቶቹ ሒሳብ ላይ ናቸው፣ የሚያዳምጠን አናገኝም። አስተያየታችሁን ጻፉ።

የአንደኛው ዕድር ዳኛ
በቀኑ እስማማለሁ። ሰዓቱ ግን ረቂቁ ላይ «ከሰዓት በኋላ» ተብሏል፤ ይህ ይውጣ። የበልግ ዝናብ ብዙውን ጊዜ የሚመጣው ከሰዓት ነው። ከቤተ ክርስቲያን የሚመለሰውም እንዲደርስ ከጠዋቱ 4፡00 ይጀመር፣ 6፡00 ላይ ይለቅ።

ደብዳቤውን በተመለከተ፦ ለወረዳው ዋና ሥራ አስፈጻሚ ይጻፍ፤ ግልባጭ ለሰላምና ጸጥታ፣ ለኮሙዩኒኬሽን፣ ለደንብ ማስከበር። በሁለት ቅጂ ይዘጋጅ፤ አንዱ መዝገብ ቤት ይቀራል፣ በሌላው ላይ የገቢ ቁጥር፣ ቀንና ማኅተም አስደርጋችሁ ይዛችሁ ትመለሳላችሁ። ቁጥር የሌለው ደብዳቤ «አልደረሰንም» ሲባል መልስ የለውም። ዓርብ ጠዋት አትሂዱ፤ 5፡30 ላይ ተዘግቶ እስከ 7፡30 ነው። ሰኞ ሚያዝያ 12 ጠዋት 2፡30 ላይ በር ላይ መገኘት ነው።

ገንዘብ ያዥ
«ገንዘብ አንጠይቅም» የሚለው ጥሩ ነው፣ ግን ከየት እንደምናወጣው በግልጽ ይጻፍ፤ አለበለዚያ ከነጋዴው መዋጮ ልንሰበስብ ነው ተብሎ ይተረጎማል። ሦስቱ ዕድሮች እኩል ያዋጣሉ። ከዕድሩ ዋና ተቀማጭ ግን አይነካ፤ ያ የቀብርና የሐዘን ገንዘብ ነው፣ መተዳደሪያ ደንቡም ለሌላ ነገር አይፈቅድም። ጠቅላላ ጉባኤ ያጸደቀው የልዩ ልዩ ወጪ ርዕስ አለ፣ ከዚያ ይውጣ። ለተመስጋኞቹ ለሚደረበው ጋቢ፣ ለሰሌዳውና ለኅትመቱ ለየብቻ ከሦስት ሦስት ቦታ ፕሮፎርማ ይሰብሰብ። ደረሰኝ የማይሰጥ ሰው ጋ አንገዛም።

የሴቶች ተወካይ
እኔን ያሳሰበኝ የመምረጫው አንቀጽ ነው። «ለአካባቢው ከፍተኛ አስተዋጽኦ ያደረጉ» ይላል። ይህ ምንም አይለይም። እንዲህ ከተጻፈ ስሙ የገነነው፣ ወይም ለድንኳን መግዣ ብዙ የሰጠው ይመረጣል፤ ሌሊት በር ሲንኳኳላት ነጠላዋን ጣል አድርጋ ምጥ የያዛትን ይዛ የምትሮጠው ትቀራለች።

የጥቆማ ወረቀቱ ሦስት ጥያቄ ብቻ ይኑረው፦ ምን ሠሩ? ለማን ወይም የት? ከመቼ ጀምሮ? ለምሳሌ «ደግ ናቸው» የሚል ጥቆማ ተመላሽ ይሁን። «ከላይኛው መንገድ የሚወርደው የጎርፍ መውረጃ ክረምት ከመግባቱ በፊት ከደለልና ከፌስታል የሚጠርጉት እሳቸው ናቸው» የሚል ይለፍ። ሥራው ተለይቶ ካልተነገረ ምስጋናው ባዶ ነው፤ ተመስጋኙም ያውቀዋል።

አንድ ከባድ ነገር አለ። የሰውን ደግነት ስንናገር የተረዳውን ሰው ጓዳ እንዳንከፍት። አልጋ የያዘ ጎረቤት ያጠበች ሴት ስትመሰገን የታማሚው ስምም ሆነ ቤቱ አይነበብ፤ «ታማሚ ጎረቤት በመንከባከብ» ይበቃል። ይህንንም ቢሆን ቤተሰቡን አስቀድማችሁ ጠይቁ።

የወጣቶች ተወካይ
እውነት ነው እትዬ፣ ሕጉም ከእርስዎ ጋር ነው። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 አለ፤ ስምና ፎቶ ቴሌግራም ላይ ከመልቀቃችን በፊት የባለቤቱን ፈቃድ በፊርማ እንያዝ። ቅጹ ላይ ሦስት ሣጥን ይኑር፦ በመድረክ ስሜ ይጠራ፣ ፎቶዬ ይነሣ፣ ስሜ ሰሌዳ ላይ ይለጠፍ። አንዱን ፈቅዶ ሌላውን መከልከል ይችላል። ጨርሶ መጠራት የማይፈልግ ካለ የምስጋና ወረቀቱንና ጋቢውን ቤቱ እናደርስለታለን።

የሁለተኛው ዕድር ጸሐፊ
የወረቀቱን ጽሑፍ ለማዘጋጀት ፈቃደኛ ነኝ። የስም አጻጻፍ ላይ ግን እባካችሁ እንጠንቀቅ። ኃይሉና ሀይሉ፣ ሠናይትና ሰናይት፣ ፀሐይና ጸሐይ፣ ዓለሙና አለሙ ሲነበቡ አንድ ናቸው፤ ባለቤቱ ግን ግድግዳው ላይ የሚሰቅለው የራሱን ፊደል ነው። በስልክ ተነግሮ የተጻፈ ስም ሁልጊዜ ይሳሳታል፣ ምክንያቱም ጆሮ ፊደሉን አይለይም። ስለዚህ ስሙ ከመታወቂያ ላይ ይገለበጥ፤ ረቂቁን ባለቤቱ አይቶ ይፈርም፤ ከዚያ በኋላ ብቻ ይታተም። አቶ፣ ወይዘሮ፣ ወይዘሪት፣ መምህር፣ ሐጂ፣ ቄስ የሚለውንም እንዴት መጠራት እንደሚፈልጉ እንጠይቃቸው። ማኅተሙ ፊርማውን በከፊል ይንካ፣ ስሙን ግን አይሸፍን።

መድረክ ላይ የሚነበበው ለአንድ ሰው 60 ቃል ይሁን። ከደቂቃ በታች ይነበባል። አረጋዊ ከወንበር ተነሥተው እስኪወጡ፣ ጋቢው እስኪደረብላቸውና ፎቶ እስኪነሣ ሁለት ደቂቃ ቢሄድ፣ ለ12 ሰው 36 ደቂቃ ነው። ንግግር ሁለት ብቻ፣ አምስት አምስት ደቂቃ፤ አንዱ ከወረዳው፣ አንዱ ከማኅበሩ። ተመስጋኞቹ መጨረሻ ላይ ከተደረጉ ሰው ይበተንባቸዋል። እነሱ ይቅደሙ፣ ንግግሩ ይከተል።

ንብረት ያዥ
ስለ ቦታው። ዋናው መንገድ ላይ አይሆንም፤ በኮሪደር ልማቱ የተሠራውን የእግረኛና የብስክሌት መንገድ መዝጋት የለብንም። በውስጥ ለውስጡ ኮብልስቶን ላይ እንትከል። ድንኳኑ በአንድ ጎን ተጠግቶ ይቆም፣ በሌላው ጎን ከ3 ሜትር ያላነሰ መንገድ ክፍት ይሁን፤ አምቡላንስ ወይም የእሳት አደጋ መኪና ቢመጣ ወንበር እያነሣን አንጠብቅም።

ኮብልስቶን ላይ ካስማ አይመታም። ድንጋዩን ነቅሎ መምታትም አይፈቀድ፤ የተነቀለው ዳግም ልክ አይገባም፣ ክረምት ውሃ ገብቶ ዙሪያውን ያላላዋል። በ20 ሊትር ጀሪካን አሸዋ ሞልተን ገመዱን በእሱ እናስራለን። ውሃ የሞላ ጀሪካን 20 ኪሎ ነው፣ አሸዋ የሞላው ወደ 30 ይደርሳል። የበልግ ንፋስ ድንገት ስለሚነሣ በእያንዳንዱ የማዕዘን ገመድ ሁለት፣ በመሃሎቹ አንድ አንድ። የድንኳኑ ጣራ ከረገበ ዝናብ ያቁርና በክብደቱ ምሰሶውን ያዘነብላል፤ መሃሉ ከጎኖቹ ከፍ ብሎ ይወጠር።

መቀመጫ ለ300 ሰው፦ 80 ወንበር ለአረጋውያንና ለተመስጋኞች፣ 45 አግዳሚ በአምስት አምስት ሰው። የሦስቱ ዕድሮች ዕቃ ሲደመር ይሞላል፣ ግን የየዕድሩ ዕቃ በቀለም ምልክት ይደረግበትና በቆጠራ ይውጣ። ያን ዕለት ሐዘን ቢደርስስ? አንድ ድንኳንና 50 ወንበር ከመጋዘን አይውጣ። ሐዘን ይቀድማል።

የሴቶች ተወካይ
መስተንግዶው ንፍሮ፣ ድፎ ዳቦና ቡና ይሁን፤ ለክርስቲያኑም ለሙስሊሙም ይስማማል። ጊዜው በዓለ ሃምሳ ስለሆነ ጾምም አያግድም። 10 ኪሎ ስንዴና 5 ኪሎ ሽምብራ ይበቃል። ሽምብራው ቅዳሜ ማታ ለብቻው ይዘፍዘፍ፣ ለብቻውም ይቀቀል፤ ከስንዴው ጋር እኩል ስለማይበስል አንዱ ሲፈርስ ሌላው ጥሬ ይሆናል።

የወጣቶች ተወካይ
ወደ ሰሌዳው ልመለስ፤ የምስጋናው ቀን የአንድ ጠዋት ነው፣ ሰሌዳው ግን ዓመቱን ሙሉ ይቆያል። ሰው የወረዳ ማስታወቂያ የማያነበው ግድ ስለሌለው አይደለም። ጊዜው ያለፈበት ወረቀት ላይ ሌላ ወረቀት ስለሚለጠፍና የሚነበበውም ለነዋሪው የሚጠቅመውን ስለማይነግረው ነው። «አስተዳደሩ ከነዋሪዎች ጋር ውይይት አካሄደ» የሚል ወሬ ማንንም ከቤቱ አያስነሣም። እኛ የምንለጥፈው አምስት ነገር ይመልስ፦ ምን ጉዳይ ነው፣ ማንን ይመለከታል፣ ምን ይዘው ይምጡ፣ የትኛው ክፍል ወይም መስኮት፣ እስከ መቼ።

ለምሳሌ የጤና መድን እድሳት ከሆነ እንዲህ፦ «የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባላት፦ ደብተራችሁንና መታወቂያችሁን ይዛችሁ እስከዚህ ቀን ወደዚህ ክፍል ቅረቡ። መንቀሳቀስ የማይችሉ ስማቸውን ለዕድራቸው ጸሐፊ ያስመዝግቡ።» ቀኑንና ክፍሉን ከወረዳው በጽሑፍ ካላገኘን አንለጥፍም። አንድ ጊዜ የተሳሳተ ቀን ለጥፈን አንዲት እናት ሥራዋን ትታ ሄዳ ብትመለስ ሰሌዳውን ዳግም አታየውም።

አሠራሩ፦ በኤ3 ወረቀት፣ ፊደሉ ከሁለት እርምጃ ርቀት በሚነበብ መጠን፣ በአንድ ወረቀት አንድ ጉዳይ። ኅትመቱ በሌዘር ወይም በፎቶ ኮፒ ይሁን፤ የኢንክጄት ቀለም ዝናብ ሲነካው ይፈስሳል፣ ፀሐይም ያደበዝዘዋል። ከታች ጥግ ላይ «የተለጠፈበት» እና «የሚነሣበት» ቀን ይጻፍ። ሰኞ ሰኞ ጠዋት ተረኛው ያለፈበትን ያነሣል። ከላይ በቋሚነት ፖሊስ 991፣ እሳትና ድንገተኛ አደጋ 939፣ ቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ይታተም።

የአንደኛው ዕድር ዳኛ
ሰሌዳው ላይ የፓርቲ ዓርማም፣ የንግድ ማስታወቂያም አይለጠፍ። የሞት መርዶም አይለጠፍበት፤ ለእሱ ጡሩንባው አለ። ቁልፉ በሁለት ሰው እጅ ይሁን፣ በአንድ ሰው ብቻ ከሆነ እሱ ሲታመም ሰሌዳው ይሞታል።

አንድ የቀረ ነገር አለ። በመልሶ ማልማቱ ከሰፈሩ ተነሥተው ሌላ ክፍለ ከተማ የገቡ አባሎቻችንስ? የወር መዋጯቸውን ዛሬም ይከፍላሉ፤ ለቀብር አውቶቡስ ቀይረው ይመጣሉ።

ገንዘብ ያዥ
መካተት አለባቸው። «የወረዳው ነዋሪ» የሚለው ወጥቶ «የሰፈሩ ነዋሪ ወይም የሦስቱ ዕድሮች አባል» ይባል።

የሴቶች ተወካይ
እደግፋለሁ። ከ12ቱ ሁለቱ ቦታ ከእነሱ መካከል ለሚመረጡ ይያዝ። ጥሪውም በስልክ ብቻ ሳይሆን ሰው ሄዶ ያድርስላቸው።

ጸሐፊ
አስተያየታችሁን በሙሉ አስገብቻለሁ። የተስተካከለው የመምረጫው አንቀጽ፣ አንቀጽ 4፣ እንዲህ ይነበባል፦

«ተመስጋኞች የሰፈሩ ነዋሪ ወይም የሦስቱ ዕድሮች አባል ሆነው፣ የሠሩት ሥራ፣ የሠሩበት ቦታና ጊዜ በጥቆማ የተገለጸ፣ ቢያንስ በሁለት ጎረቤት የተረጋገጠ ይሆናል። የመራጭ ኮሚቴ አባል፣ የትዳር ጓደኛው፣ ወላጁና ልጁ አይጠቆሙም። ከ12ቱ ሁለቱ ከሰፈሩ ተነሥተው ከሄዱ አባላት ይመረጣሉ። የገንዘብ ስጦታ ብቻውን መስፈርት አይሆንም።»

ጥቆማ እሑድ ሚያዝያ 18 ይዘጋል። የስም ማረጋገጫና የፈቃድ ፊርማ እስከ ሚያዝያ 25፣ ኅትመት እስከ ግንቦት 4። ጥቆማ መጻፍ የማይችሉ በቃል ለየዕድራቸው ጸሐፊ ይንገሩ፣ እሱ ጽፎ ያንብብላቸው።

የሰሌዳዎቹን ቦታ ሁለቱን ወስነናል፤ ሦስተኛው ከወፍጮ ቤቱ አጠገብ ይሁን ወይስ ከውሃ ቦኖው? እስከ ነገ ማታ ንገሩኝ፣ በደብዳቤው ላይ ንድፉን ማያያዝ አለብኝ።

ንብረት ያዥ
ከወፍጮ ቤቱ። ሰው ተራ ሲጠብቅ ቆሞ ያነባል፤ በላዩ ላይ የቆርቆሮ ጥላ አለ።