ለጨነቅ ብርድ ሶፍትሼል ጃኬት ይበቃል ወይ?

የማራኪዋ፦
ሰላም ወገኖቼ እንዴት ናችሁ፣ ጎንደር ነው ያለሁት፣ ሰሜን ተራራ ስትወጡ ስትወርዱ የኖራችሁ ካላችሁ እባካችሁ ሳትመልሱልኝ እንዳታልፉ። ለማስተርስ ጥናቴ ህዳር መጨረሻ ላይ እወጣለሁ፣ ሶስት ሳምንት እዛው ተራራው ላይ ጨነቅ ካምፕ ነው የማድረው። ስራዬ ጭላዳ ዝንጀሮ መከታተል ነው፣ ጭላዳ ደሞ ሌሊት ገደሉ ላይ ነው ሚያድረው፣ ጠዋት ነው ወደ ሜዳው ሚወጣው፣ እና እኔ ቀድሜ አፋፉ ላይ መድረስ አለብኝ። ከዛ ቀኑን ሙሉ አብሮ መዋል ነው፣ አንዳንዴ መንጋው ሲንቀሳቀስ ዳገት ቁልቁለቱን እከተላለሁ፣ አንዳንዴ ሳር ሲነጭ ሁለት ሶስት ሰአት አንድ ቦታ ቁጭ ብዬ እመዘግባለሁ።

አምና ለሁለት ቀን ሳንቃበር ካምፕ ወጥቼ ነበር፣ ያኔ የለበስኩት ጃኬት ከአንድ ሱቅ "ውሃ የሚባል አያስገባም" ተብዬ የገዛሁት ነው። ላስቲክ ነገር ነው። ዳገቱን ስወጣ ውስጡ በላብ ራሰ፣ ቁጭ ስል ላቡ ጀርባዬ ላይ ቀዘቀዘ፣ ከሰአት ካፊያ ሲመጣ ደሞ በትከሻው ስፌት ገባብኝ፣ ማታ ድንኳን ውስጥ ጥርሴ ሲንቀጫቀጭ ነው ያደረው። ዘንድሮ እንደዛ ሆኜ ሶስት ሳምንት መስራት አልችልም።

አንዲት ጓደኛዬ ሶፍትሼል ግዢ አለችኝ። ቅዳሜ ገበያ ሰልባጅ ተራ ሄጄ ሳይ ሶስት አይነት አገኘሁ፣ አንዱ ስስ ሆኖ ሚለጠጥ፣ አንዱ ውስጡ ፀጉራም፣ ሶስተኛው ወፍራም ድርቅ ያለ ነው። ሻጩ ሶስቱንም ሶፍትሼል ነው ይላል። ያለኝ 5,000 ብር ነው ለሁሉም ነገር። የቱን ልውሰድ? ወይስ ጭራሽ ሌላ ነገር ልፈልግ?

ደባርቄው፦
እህቴ እንኳን ቀድመሽ ጠየቅሽ፣ ብዙ ሰው ደባርቅ ከደረሰ በኋላ ነው ሚጠይቀው። እኔ እንግዳ ይዤ ወደላይ መመላለስ ከጀመርኩ ቆየሁ እና የማውቀውን ልንገርሽ። መጀመሪያ ከፍታውን አስቢ። ጎንደር ከ2,100 ሜትር ትንሽ ከፍ ትላለች፣ ጨነቅ 3,620 ነው፣ በየ1,000 ሜትሩ በአማካይ 6 ዲግሪ ተኩል ይቀንሳል፣ ስለዚህ ፒያሳ ላይ በካኔተራ በምትሄጂበት ሰአት ጨነቅ 10 ዲግሪ ገደማ ይቀዘቅዛል ማለት ነው፣ ቧሂት ተራራ 4,430ው ላይ ከወጣሽ ደሞ 15። ይሄ ንፋሱ ሳይቆጠር ነው። ህዳርና ታህሳስ ሰማዩ ጥርት ይላል ቀኑም ፀሀይ ነው፣ ግን ሌሊቱን ሚያከፋው ይሄው ጥርት ማለቱ ነው፣ ደመና ስለሌለ መሬቱ የቀኑን ሙቀት ሁሉ ይለቃል፣ ጠዋት ስትነሺ ጓሳው በውርጭ ነጥቶ ታገኚዋለሽ።

ሶፍትሼል ለሚንቀሳቀስ ሰው የተሰራ ልብስ ነው። ንፋሱን ይቀንሳል፣ ላቡን ያስወጣል፣ እጅሽን ስትዘረጊ ይለጠጣል፣ ካፊያ ቢመጣ ለጥቂት ደቂቃ ያንከባልልልሻል። የደህና ዝናብ ግን አይችልም፣ ስፌቱ ከውስጥ በቴፕ አልታሸገም። ዝናብ ሚችለው ሃርድሼል ሚሉት ነው፣ እሱ ከውስጡ ውሃ ማያሳልፍ ስስ ሽፋን አለው፣ ስፌቱም የታሸገ ነው፣ ያንቺ የአምናው ደግሞ ከሁለቱም አይደለም፣ ላቡንም አላስወጣ ዝናቡንም አልከለከለ። እኔ ከሳንቃበር ጅንባርን አልፌ ወደ ግጭ ስወጣ ስስ ሶፍትሼል ብቻ ነው ምለብሰው፣ ዳገቱን ጨርሼ ዞር ስል ጀርባዬ ደርቆ ነው ማገኘው።

ግን አንቺ ሁለት ስራ ነው ያለሽ። መሄዱ አንድ ስራ ነው፣ ሶስት ሰአት ቁጭ ማለቱ ሌላ ስራ ነው፣ ለሁለቱም ሚሆን አንድ ጃኬት ካልሽ ተሸውደሻል። ስስና ሚለጠጠውን ለመሄጃ ውሰጂ፣ ለመቀመጫ ከላይ ምትደርቢው ሌላ ሰፊ ነገር ያዢ። ደሞ ልብ በይ፣ ምትደርቢው ልክ እንደተቀመጥሽ ነው እንጂ በርዶሽ መንቀጥቀጥ ስትጀምሪ አይደለም፣ ሰውነትሽ አንዴ ከቀዘቀዘ ቁጭ ባልሽበት መልሶ አይሞቅም።

አባ_ወንድምአለም፦
ልጄ እግዜር ይከተልሽ። እኔ በዚህ ሶፍት ምናምን አልገባም፣ ግን ያደግኩት ጃናሞራ ነው ብርዱን አውቀዋለሁ። እኛ ከብት ስንጠብቅ ምንለብሰው የበግ ፀጉር ነበር፣ ባናውም በርኖሱም ያው የበግ ፀጉር ነው። ጋቢ ይዘሽ ልትወጪ ካሰብሽ ለማታ ነው ሚሆነው፣ ጋቢ ጥጥ ነው፣ ደረቅ ሲሆን እናት ነው፣ ጉም ሲያረጥበው ግን ይከብዳል ሙቀቱም ይጠፋል፣ ጠዋት አፋፉ ላይ ደሞ ጉም አይጠፋም። የበግ ፀጉር ቢረጥብም ትንሽ ሙቀት ይዞ ይቆያል። ከቤት ባና ካለ እሱን አጣጥፈሽ ያዢ፣ ስትቀመጪ ከላይ ጣል አድርጊው፣ ግማሹንም ከስርሽ አንጥፊው፣ ከጀርባ ይልቅ ከመሬት ሚገባው ብርድ ነው ሰው ሚጎዳው።

ቦንዳ_ፈቺ፦
ሰላም፣ እኔ ሰልባጅ ነው ስራዬ፣ ሻጩ ሶስቱንም ሶፍትሼል ማለቱ አልዋሸም ግን ሳያስረዳሽ መሸጡ ነው ሚያናድደኝ። ስስ የተባለው ናይሎን ወይ ፖሊስተር ሆኖ ትንሽ ኤላስታን ሚሉት ሚለጠጥ ክር የተቀላቀለበት ነው፣ ከጎኑ ስፌት ውስጥ ያለውን ትንሿን ምልክት አንብቢ፣ ኤላስታን ወይም ስፓንዴክስ ይላል ከነመቶኛው። ፀጉራሙ ያው ጨርቅ ሆኖ ከውስጥ ፍሊስ ሚሉት ለስላሳ ሚያሞቅ ጨርቅ የተለጠፈበት ነው። ሶስተኛው በሁለት ጨርቅ መሀል ንፋስ ማያሳልፍ ስስ ፕላስቲክ ነገር አለው፣ ሜምብሬን ይሉታል፣ ዊንድስቶፐር የሚል ከተፃፈበት እሱ ነው። ካልተፃፈበት በትንፋሽሽ ለዪው፣ ጨርቁን አፍሽ ላይ አጥብቀሽ ያዢና እፍ በይ፣ ከኋላው እጅሽ ላይ ትንሽ አየር ከመጣ ስስ አይነቱ ነው፣ ምንም ካልመጣ ሜምብሬን አለው።

አሁን ሰልባጅ ላይ ምን ማየት እንዳለብሽ፣ ይሄን ብዙ ሰው ስለማያውቅ ነው ብሩን ሚያቃጥለው። ሜምብሬን ያለው ጃኬት ሲያረጅ ከውጭ አዲስ መስሎ ከውስጥ ይሞታል፣ በተለይ ታጥፎ እርጥበት ቦታ ለአመታት የተቀመጠ ከሆነ። ገልብጪው፣ አንገቱ ጋር እና ብብቱ ጋር በጥፍርሽ ፈተግ አርጊው፣ ሚፈረፈር ወይም ሚያጣብቅ ነገር ካለ፣ ጨርቁ እንደ ቆዳ ቡግር ቡግር ካለ፣ ወይ ደሞ ኮምጠጥ ያለ ሽታ ካለው በ200 ብር ቢሰጡሽም ተይው፣ ሚመለስ ነገር አይደለም። ስሱ አይነት ይሄ ችግር የለበትም ምክንያቱም ሚሞት ነገር ውስጡ የለም፣ ለዛ ነው እኔ ከሰልባጅ ከሆነ ስሱን ነው ምመክረው። ትከሻውን ብርሃን ላይ ያዢው፣ የቦርሳ ማሰሪያ የበላው ከሆነ ሳስቶ ይታያል። ዚፑን አስር ጊዜ ክፈቺ ዝጊ፣ ጨነቅ ላይ ዚፕ ቢበላሽ ማን ይሰራልሻል። ክርንሽን አጥፈሽ ሁለት እጅሽን ወደላይ ዘርጊ፣ ወገብሽ ከተገለጠ አጭር ነው። ከውስጥ ሹራብ ለብሰሽ ነው መሞከር ያለብሽ፣ በካኔተራ ለክታ ገዝታ ከውስጥ ሚደረበው አልገባ ብሏት የተመለሰች ስንት አለች።

ፀጉራሙን አትውሰጂ። ስትሄጂ ያልብሻል ማውለቅም አትችዪም ምክንያቱም ሙቀቱ ከጃኬቱ ጋር ተሰፍቷል፣ ከረጠበ ደሞ ለመድረቅ ይቆያል። ስሱን ገዝተሽ ፍሊሱን ለብቻው ግዢ፣ ሲሞቅሽ አንዱን ታወልቂያለሽ።

አዘዞ_ሞተር፦
እኔ ግን በስሱ አልስማማም። በሞተር ጠዋት ከአዘዞ ፒያሳ እመላለሳለሁ፣ ስሱ ንፋስ ሲመታኝ ደረቴ ድረስ ይገባ ነበር፣ ወፍራሙን ሜምብሬን ያለውን ከገዛሁ ሶስተኛ አመቴ ነው አንድ ቀን አላሳመመኝም። እሷ ደሞ ገደል አፋፍ ላይ ነው ምትቀመጠው፣ ንፋሱ ከስር ነው ሚመጣው፣ ለምን ወፍራሙን አትገዛም?

ደባርቄው፦
ወንድሜ እውነትህን ነው፣ ለሞተር እኔም እሱን ነው ምለው ምክንያቱም አንተ ቁጭ ብለህ ንፋሱ ነው ሚመጣብህ፣ አታልብም። እሷ ግን ጠዋት በጨለማ ከካምፑ ተነስታ አፋፉ ድረስ ከ3,600 በላይ አየሩ ቀጭን ሆኖ እያለከለከች ነው ምትሄደው፣ በዛ ወፍራም አልባት ብትደርስ አምና የሆነችውን ነው ደግማ ምትሆነው። የአባ ወንድምአለም ባና ያልኩትን መደረቢያ ይተካዋል፣ እኔ እንዳውም በላባ የተሞላ ጃኬት ልል ነበር ግን ደህናው በ5,000 አይገኝም፣ ባናው ይሻላል። በቅሎ ስለሚጭንላት ክብደቱ አያሳስብም፣ ከካምፕ አፋፉ ድረስ ብቻ ነው ምትሸከመው። ንፋሱን ሰበር ለማድረግ ደሞ የአስታ ዛፉ ወይ ድንጋዩ ጀርባ ትቀመጥ፣ ጭላዳው እንደሆነ ሰው ለምዷል ሲያይሽ አይሸሽም።

አንድ ነገር ረስቼ፣ ህዳር ዝናብ ብዙም የለም ግን የለም ብለሽ እንዳትዪው። ቀጭን የዝናብ ልብስ፣ ሌላው ቢቀር ትልቅ ፕላስቲክ፣ ቦርሳሽ ስር ይኑር። ኮፍያ ያለው ጃኬት ምረጪ፣ ሚጠብቅ ገመድ ያለው፣ ብርድ ብቻ አይደለም እዛ ከፍታ ላይ ፀሀዩ አንገትና ጆሮ ይልጣል።

ልብስ_ስፌት_ጎንደር፦
ስለ አጠባው ማንም አላነሳውም። ጨርቁ ላይ ውሃ ሚያንከባልል ቅብ አለ፣ ጎመን ቅጠል ላይ ውሃ እንደሚንከባለለው በሉት፣ ይሄ ቅብ በቆሻሻና በመፈተግ ይደክማል። ከሰልባጅ የተገዛ ብዙ ጊዜ የደከመ ነው። ውሃ ጠብ አርጋችሁ ሰመጠ ብላችሁ ጃኬቱን አትጣሉ፣ በለስላሳ ፈሳሽ ሳሙና አጥባችሁ ሳሙናው እስኪለቅ ደጋግማችሁ አለቅልቁት፣ ማለስለሻ የሚባለውን ጭራሽ አትጨምሩ ቅቡን እሱ ነው ሚሸፍነው፣ ከዛ ሲደርቅ ምልክቱ ላይ ካውያ ይፈቀዳል ካለ ስስ ጨርቅ ከላይ አርጋችሁ በዝቅተኛ ሙቀት ተኩሱት። ሙቀቱ የቀረውን ቅብ ያነቃዋል፣ ብዙ ጊዜ ይመለሳል። በረኪና አይነካው።

የማራኪዋ፦
ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ አባ በተለይ እርስዎ። ዛሬ ቅዳሜ ገበያ ሄጄ መጣሁ። እፍ ማለቱን ስሰራ ሻጩ ገርሞት ቆሞ ያየኝ ነበር፣ ወፍራሙን ገልብጬ አንገቱን ስፈትገው እንደተባለው ነጭ ነገር ተፈረፈረ፣ ደንግጬ ነው ያስቀመጥኩት እሱን ልገዛ ነበር እኮ። ስሱን ወሰድኩ፣ ጥቁር አረንጓዴ ነው፣ ኮፍያ አለው፣ 8% ኤላስታን ይላል፣ ትንፋሽ ትንሽ ያሳልፋል፣ በ1,800 ብር። ፍሊስ ለብቻው በ900 አገኘሁ። ባና አያቴ ቤት አለ፣ ለምን እንደምፈልገው ስነግራት ሌላም ልጨምርልሽ አለችኝ።

አንድ ነገር ብቻ ቀረኝ። ጃኬቱ የወንድ ነው ትከሻው ላይ ይሰፋኛል፣ ልብስ ሰፊ ጋር ወስጄ ላስጠብበው ወይስ ይበላሻል?

ልብስ_ስፌት_ጎንደር፦
ትከሻውን አታስነኪ። መርፌ የገባበት ቦታ ውሃ ማስገቢያ ይሆናል፣ ትከሻ ደሞ ዝናቡም የቦርሳውም ማሰሪያ መጀመሪያ ሚያርፍበት ነው። በዛ ላይ ፍሊሱ ከውስጥ ሲገባ ያ ስፋት ይሞላል። ወገቡ ሰፍቶ ንፋስ ሚያስገባ ከሆነ ጎንና ጎኑን ከብብት በታች ብቻ አስይዢው፣ ሚለጠጥ ጨርቅ ስለሆነ ለልብስ ሰፊው ቀጥ ባለ ስፌት ሳይሆን በዚግዛግ ስፋ በዪው፣ አለበለዚያ እጅሽን ስትዘረጊ ክሩ ይበጠሳል።

የማራኪዋ፦
እሺ ገባኝ፣ መጀመሪያ ፍሊሱን ለብሼ ልሞክረውና ካስፈለገ ጎኑን ብቻ አስጠብበዋለሁ።

ደባርቄው፦
ደባርቅ ስትደርሺ ደሞ አንድ ቀን እደሪ፣ በዛው ቀን ጨነቅ አትግቢ፣ ሰውነትሽ ከፍታውን ይልመድ። የመጀመሪያው ሌሊት ራስ ምታት ከመጣ ዝም አትበዪ፣ አብሮሽ ላለው ስካውት፣ ለፓርኩ ጠባቂ ማለቴ ነው፣ ንገሪው።