የአያቴን የልደት መዝገብ ጃማይካ ውስጥ ፍለጋ፦ እዚህ ላይ ቆሜያለሁ፣ እርዱኝ

ሰላም ወገኖች። አያቴ ከጃማይካ መጥተው ሻሸመኔ የሰፈሩ ሰው ነበሩ። የልደት መዝገባቸውን መፈለግ ከጀመርኩ ሦስት ወር ሆነኝ፤ አሁን ግን ጭንቅላቴ ዞረ።

በ1930ዎቹ መጀመሪያ ክላረንደን ፓሪሽ ተወለዱ ይባላል (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው)። ደሴቲቱ 14 ፓሪሾች አሏት፤ እንደኛ ዞን በሉት። የልደትና የሞት ምዝገባ እዚያ በ1878 ስለጀመረ የሳቸውም አይጠፋም ብዬ ነበር። የመዝገቦቹን ምስል ፋሚሊ ሰርች (የዘር ሐረግ መፈለጊያ ድረ ገጽ) ላይ በነፃ አገኘሁ።

የእናታቸው ስም የሚገጥም አንድ ልደት አለ። የልጁ ስም ቦታ ግን ባዶ! የአባትም ባዶ። ወላጆች ካልተጋቡ አባትን አለመጻፍ የተለመደ ነበር አሉ። እንዲህ ያለ ልጅ የሚፈለገው በእናቱ የቤተሰብ ስም ነው። በአባት ስም ለምንጠራ ሰዎች ይሄ ቶሎ አይገባም፤ እኔ ሁለት ወር ሙሉ በአባታቸው ስም ስዳክር ነበር። በዚያ ላይ አያቴ እዚህ ሲመጡ ስማቸውን ቀይረዋል።

ታዲያ ስም የሌለው ልደት የሳቸው መሆኑን በምን ላረጋግጥ? የተወለዱበትን ቀን በትክክል የሚያውቅ የለም። ከምዝገባ በኋላ የወጣ ስም የሚጻፍበት ዓምድ አለ፤ እሱም ባዶ ነው። የጥምቀት መዝገብ ልፈልግ? አክስቴ ቤተሰቡ ባፕቲስት ነበር ትላለች፣ የትኛው ቤተ ክርስቲያን እንደሆነ ግን አታውቅም። ወይስ የእናታቸውን የጋብቻ መዝገብ ልከተል? የሞከራችሁት ካላችሁ ከየት እንደጀመራችሁ ንገሩኝ።