የመንገድ ዳር ምግብ ይፈቀድ ወይስ ይከልከል? (ክርክር)

የሜክሲኮው፦ የዛሬው ጥያቄ ይሄ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ በእግረኛ መንገድ ላይ ምግብ መሸጥ በሕግ ተፈቅዶ ቦታ ይሰጠው ወይስ ጭራሽ ይከልከል? እኔ ይፈቀድ ባይ ነኝ። ምክንያቴን ላስቀምጥ፣ ከዚያ እናንተ ቀጥሉ።

ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በኮሪደር ልማቱ የዋና ዋና መንገዶች መልክ ተቀይሯል። የእግረኛው መንገድ ሰፍቷል፣ መብራት ገብቷል፣ የሕዝብ መጸዳጃ ተሠርቷል። ይሄን የሚክድ የለም። ግን መጀመሪያ ፒያሳ፣ በኋላ ካዛንቺስ ቤቶቹ ሲፈርሱ አብረው የሄዱ ነገሮች አሉ። ትንንሽ ቁርስ ቤቶች፣ ሳምቡሳ ቤቶች፣ በር ላይ ጀበና ጥደው የሚውሉ እናቶች። ዛሬ በዚያ ባማረ መንገድ ስትሄድ ቢርብህ ያለህ ምርጫ ካፌ መግባት ነው። የቀን ሠራተኛ ደግሞ ካፌ ገብቶ ምሳ አይበላም፤ ኪሱ አይፈቅድለትም።

አዲስ ሰፈር ስሄድ መጀመሪያ የምፈልገው እዚያ መንገድ ዳር ምን እንደሚበላ ነው። ስድስት ኪሎ አካባቢ ተማሪው እርጥብ ይዞ እየበላ ይሄዳል፤ ዳቦ ውስጥ ድንች ጥብስ፣ ላዩ ላይ የሚያቃጥል ዳጣ። አውቶቡስ ተራ በማለዳ ትኩስ ፓስቲና ሻይ አለ። ክረምት ሲገባ ከሰል ላይ የሚገላበጥ የበቆሎ እሸት ይመጣል፤ በለሱን ደግሞ ልጆቹ እሾሁ ሳይነካህ ልጠው ያጎርሱሃል። በጾም ምስር ሳምቡሳ፣ በረመዳን ማምሻውን መስጊድ አካባቢ ሌላ ሳምቡሳ። ማታ በየመጠጥ ቤቱ በር ቅቅል እንቁላል በሚጥሚጣ። ይሄ ሁሉ የከተማው ገበታ ነው። መንገዱን አሳምረን ገበታውን ካነሳን ከተማውን ለማን እንደሠራነው መጠየቅ አለብን።

የላብራቶሪዋ፦ እኔ ይከልከል ባይ ነኝ። የምሠራው ጤና ጣቢያ፣ ላብራቶሪ ውስጥ ነው። አሜባ፣ ጃርዲያ፣ የወስፋት እንቁላል በየቀኑ በማይክሮስኮፕ አያለሁ። ሁሉም ከመንገድ ዳር ምግብ መጣ አልልም። እንዲህ ብዬ መመስከር አልችልም። የምጠይቀው አንድ ጥያቄ ነው። ያቺ የምትሸጥ ሴት እጇን የት ትታጠባለች?

ብዙ ጊዜ ሕፃን አዝላ ነው የምትሸጠው። ልጁን አጸዳድታ፣ ብር ተቀብላ፣ መልስ ቆጥራ፣ በዚያው እጇ ቃሪያ ትሰነጥቃለች። ጠዋት በባልዲ የቀዳችው ውሃ እስከ ማታ ሳህን ይለቀለቅበታል። ሳምቡሳው የሚጠቀለለው በአሮጌ ደብተር ወረቀት ነው። በ2008 ዓ.ም. ክረምት አተት (አጣዳፊ ተቅማጥና ትውከት) ከተማችን ሲገባ ምን እንደነበር የምናስታውስ እናስታውሳለን። በሽታው የሚተላለፈው በቆሻሻ ውሃና በተበከለ ምግብ ነው። ገበታ ነው ስትል ደስ ይላል። ገበታ ላይ የሚቀርብ ግን እጁን ታጥቦ ነው።

የሜክሲኮው፦ በቃሪያው እስማማለሁ። በወረቀቱም። ግን እህቴ፣ ፈቃድ ያለውና ግድግዳው ላይ የምስክር ወረቀት የሰቀለው ቤት ሁሉ ከመንገድ ዳሩ ይሻላል ማለት አይደለም። ኮሶ የሚይዘን ከምንድን ነው? ከጥሬ ሥጋ ነው። ቁርጥና ጥሬ ክትፎ ደግሞ መንገድ ዳር አይሸጥም፤ ባለ ነጭ ጋዋኑ ሥጋ ቤት ነው የምንበላው። ከፈላ ዘይት የወጣ ሳምቡሳ ከዚያ የባሰ የሚሆንበት ምክንያት አይታየኝም።

የላብራቶሪዋ፦ የኮሶው ነገር እውነት ነው፤ ስለ እሱም ለሕመምተኞቼ በየጊዜው እናገራለሁ። የአንዱ ጥፋት ግን ሌላውን ነጻ አያወጣም።

ዓይንህ እያየ ከዘይቱ የወጣውን ወዲያው ብትበላ አልከራከርህም። ቅቅል እንቁላልም ሳይላጥ ከገዛኸው ደህና ምግብ ነው። በቆሎ ጥብስም እንደዚያው። የዓለም ጤና ድርጅት ምክር ግልጽ ነው፤ የበሰለ ምግብ ከ60 ዲግሪ በላይ ትኩስ ሆኖ ካልተያዘ በክፍል ሙቀት ከሁለት ሰዓት በላይ አይቆይ ይላል። አሁን ንገረኝ። ከሥራ ስትወጣ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ መገናኛ የምትገዛው ሳምቡሳ መቼ ነው የተጠበሰው? ቀዝቃዛ ነው። በፌስታል ተሸፍኖ ውሏል። ችግሬ ከሱ ጋር ነው።

ባለምግብ ቤቱ፦ ጤናውን ለባለሙያዋ ልተወው። እኔ የማነሳው የፍትሕ ጥያቄ ነው። ትንሽ ምግብ ቤት አለችኝ። ኪራይ እከፍላለሁ። ግብር እከፍላለሁ። የሽያጭ መመዝገቢያ ማሽን አለኝ፤ ንግድ ፈቃድ በየዓመቱ አድሳለሁ፣ ሠራተኞቼን የጤና ምርመራ አስመረምራለሁ። በሬ ላይ እርጥብ የሚሸጠው ልጅ አንዱም የለበትም። የምሳ ሰዓት ደንበኛዬ ወደኔ ሲመጣ እሱ ጋ ይቀራል። በልቶ ሲጨርስ ወረቀቱን የሚጥለው እኔ በር ላይ ነው፤ መጸዳጃ የሚጠይቀውም እኔን ነው።

ልጁን አልጠላውም። ሠርቶ መብላቱን እወድለታለሁ። ግን ሁለታችንም ምግብ የምንሸጥ ከሆነ ሕጉ ለምን እኔን ብቻ ያውቀኛል?

የሳምቡሳ ሻጭ ልጅ፦ ጋሼ፣ ያሉት ገብቶኛል። በአክብሮት የሌላውን ወገን ላስረዳ።

እናቴ ሳምቡሳ ሸጣ ነው ያሳደገችን። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ትነሳለች። ሊጡን አሳስታ ትዳምጣለች፣ ምጣድ ላይ ለአፍታ ታሳርፈዋለች፣ ቆርጣ በጨርቅ ትሸፍነዋለች። ምስሩ ማታውኑ ተቀቅሎ አድሯል፤ ሽንኩርትና ቃሪያ ትጨምርበታለች። እኛ ልጆቿ ጠርዙን በዱቄት ሊጥ እያጣበቅን እንጠቀልላለን። ምስሩ ውሃ ካዘለ ሳምቡሳው ዘይት ውስጥ ይፈነዳል፤ እጥፋቱ ክፍተት ካለው ዘይት ይጠጣል። ይሄ ሙያ ነው። ዘይቱና ዱቄቱ ከሱቅ በዱቤ ነው የሚመጣው። ቀን ካልተሸጠ ማታ ዕዳ ነው።

አሁን ወደ ላብራቶሪዋ እህቴ ልምጣ። እናቴ መጀመሪያ የምትጠብሰው እዚያው መንገዱ ዳር ነበር። ምድጃና መጥበሻ ነበራት፤ ሰው በትኩሱ ነበር የሚበላው። ከዚያ ማባረሩ መጣ። «መጡ!» ሲባል ሁሉም ይሮጣል። የፈላ ዘይት ይዞ መሮጥ ምን እንደሆነ አስቡት። አንዷ ጎረቤታችን እግሯ ላይ ተደፍቶባት ጠባሳው ዛሬም አለ። ከዚያ በኋላ እናቴ ቤት ጠብሳ በላስቲክ ባልዲ ይዛ መውጣት ጀመረች። ባልዲ ለሩጫ ይመቻል። ሳምቡሳው ግን ቀዘቀዘ።

ውሃውም እንዲሁ ነው። የምትቆምበት ቦታ ስለሌላት ጀሪካን አታስቀምጥም፤ ጀሪካን ይዞ አይሮጥም። እናንተ የምታዩት ቀዝቃዛ ሳምቡሳና ያልታጠበ እጅ ከየት እንደመጣ እኔ አውቃለሁ። የመጣው ከማባረሩ ነው። ይከልከል ስትሉ ምግቡ አይጠፋም። ከእሳቱና ከውሃው ይርቃል እንጂ።

የላብራቶሪዋ፦ ይሄ የእናትሽ ታሪክ ለኔ ከሁሉም ክርክር ይበልጣል፤ ምክንያቱን በጤና ቋንቋ ነው የነገርሽኝ። እዚያው መጥበስ ከተቻለ የሁለት ሰዓቱ ጥያቄ በአብዛኛው ያበቃል። ውሃው ግን እንዲሁ በፈቃድ ብቻ አይመጣም። ውሃ በፈረቃ በሚደርስበት ከተማ ፈቃድ ሰጥቶ ቧንቧ አለመስጠት ራሱን የቻለ ጥፋት ነው። ስለዚህ አቋሜን እንዲህ ላስቀምጠው፤ እጅ መታጠቢያ ባለበት ቦታ ይፈቀድ፣ በሌለበት ይከልከል። ዘይቱም ሲጠቁር ይደፋ። በአንድ ዘይት ሳምንት መጥበስ አይቻልም።

ነጭ በትር፦ ስለ መንገዱ ስትነጋገሩ የሚሄድበትን ሰው ረሳችሁት። እኔ ማየት የተሳነኝ ነኝ። በትሬ በድንገት ምድጃ ሲመታ፣ ከሰሉ እግሬ ስር ሲበተን ምን እንደሚሰማ ልነግራችሁ እችላለሁ። አሮጌው መንገድ ላይ ጉድጓዱና ሻጩ ተደማምረው ወደ መኪናው መንገድ ያስወጡኝ ነበር። አዲሱ መንገድ ለኔ ትልቅ ለውጥ ነው። ይሄን ተመልሳችሁ እንድትወስዱብኝ አልፈልግም።

ሆኖም ይከልከል አልልም። እኔን የሚጎዳኝ የሻጮቹ መኖር አይደለም፤ ዛሬ እዚህ፣ ነገ እዚያ መሆናቸው ነው። ቋሚ ቦታ ይኑራቸው፤ ከግድግዳው በኩል እንጂ መሃል ላይ አይሁን። ቋሚ ከሆኑ እንዲያውም ይጠቅሙኛል። የበቆሎው ሽታ የት እንደደረስኩ ይነግረኛል። ስጠይቃቸውም የሚመልሱልኝና መንገድ የሚያሻግሩኝ እነሱ ናቸው።

ሲንጋፖር የኖረው፦ ቋሚ ቦታ ከተባለ ያየሁትን ላካፍል። ሲንጋፖርም በአንድ ወቅት መንገዷ በምግብ ሻጭ ተጨናንቆ ነበር። ቆሻሻው ወደ ቦይና ወደ ወንዝ ይሄድ ነበር። በመጀመሪያ፣ እ.ኤ.አ. በ1968 እና 1969፣ ሻጮቹን መዘገቡ። ከዚያ ከ1971 እስከ 1986 ድረስ ውሃ፣ ፍሳሽና መብራት ወዳለባቸው የምግብ ማዕከሎች አዛወሯቸው። አሥራ አምስት ዓመት ነው የፈጀው። በኋላ በየመሸጫው ላይ ከኤ እስከ ዲ የንጽሕና ደረጃ መለጠፍ ተጀመረ፤ በላተኛው አይቶ ይመርጣል። እ.ኤ.አ. በ2016 አንድ ዶሮ በሩዝ የሚሸጥበት መደብ ለምርጥ ምግብ ቤቶች የሚሰጠውን የሚሽላን ኮከብ አገኘ። በ2020 ደግሞ ይሄው የአበላል ባህላቸው በዩኔስኮ ተመዘገበ። ቅደም ተከተሉን ልብ በሉ። መጀመሪያ ምዝገባ፣ ቀጥሎ ውሃ፣ በመጨረሻ ከመንገድ ማንሳት። እኛ ከመጨረሻው ነው የጀመርነው።

የሜክሲኮው፦ ትምህርቱ ጥሩ ነው፤ በተለይ ምዝገባው። ሁሉንም ጣሪያ ስር እናስገባ ከተባለ ግን እፈራለሁ። የኛ መንገድ ዳር ምግብ ወቅት አለው። በቆሎና በለስ የሚሸጡት የክረምት ሰዎች ናቸው። ዓመቱን ሙሉ የመደብ ኪራይ አይከፍሉም። ጀበና ቡና የምታፈላውም ደንበኛዋ ያለው በዚያ ሕንፃ ሥር ነው። ሁለት መንገድ ርቃ ማዕከል ውስጥ ብትቀመጥ ማንም አይከተላትም። ለሳምቡሳና ለእርጥብ ማዕከሉ ይሁን እሺ። ለወቅቱ ሻጭ አጭር የሦስት ወር ፈቃድ ቢኖር ምን ይጎዳል?

ድሬ፦ ሰዓትም አለ እኮ! ድሬዳዋ ቀን በሙቀቱ ሰው ቤቱ ነው፤ ጀምበር ስታዘቀዝቅ ከተማው ይወጣል። ያኔ በዘይት የሚጠበሰው ባጂያ፣ ሳምቡሳው፣ ፉሉ መንገድ ዳር ይጀመራል። የምናውቀው ሻጭ የምናውቀው ቦታ ላይ ነው። አዲስ አበባም ቀን ለእግረኛው፣ ከአሥራ ሁለት ሰዓት በኋላ ለምግቡ ብሎ መከፋፈል ይችላል። ከሥራ ወጥቶ ታክሲ ሰልፍ ላይ ለሚቆመው ሰው ከዚህ የተሻለ እራት የለም። ቅዳሜና እሁድ መንገድ ዘግቶ ገበያ ማቆም የቻለ ከተማ ይሄን አያቅተውም።

ባለምግብ ቤቱ፦ ሁላችሁም ወደ መፍቀዱ እየሄዳችሁ ነው። ይሁን። ግን ጥያቄዬ ሳይመለስ አታልፉኝም። ፈቃድ ይሰጥ ካላችሁ ክፍያ ይኑረው። ልክ እንደኔ አይሁን፤ አቅማቸውን አውቃለሁ። ትንሽም ብትሆን ግን ትኑር። ለጽዳቱም የሚጠየቅ ሰው ይታወቅ። ደግሞ ከምግብ ቤት በር በቂ ርቀት ይኑር። ምሳ ሰዓት ላይ በሬ ላይ የሚቆምን ተፎካካሪ ሕጋዊ ሲያደርጉብኝ ኪራዬን የሚቀንስልኝ የለም።

የሳምቡሳ ሻጭ ልጅ፦ ጋሼ፣ በክፍያው እናቴ ደስ ይላታል። አትጠራጠሩ። አሁንም እኮ ትከፍላለች፤ እቃዋ ሲወሰድ፣ ሳምቡሳዋ ሲደፋ፣ ምድጃ እንደገና ስትገዛ። ደረሰኝ የሌለው ክፍያ ነው። በስሟ የተጻፈ ወረቀት ይዛ ብትከፍል ከሱቅ ዱቤ ወጥታ ከቁጠባ ተቋም ብድር መጠየቅም ትችላለች። በጽዳቱም፣ የቆመችበትን ቦታ ስትጠርግ ነው ያደግነው።

በርቀቱ ግን አልስማማም። አዲስ አበባ ውስጥ ምግብ ቤት የሌለበት መንገድ የት አለ? ከየምግብ ቤቱ በር ራቁ ከተባለ ሰው ወደማያልፍበት ቦታ ነው የምንላከው። ያ ደግሞ መከልከል ነው፤ ስሙ ብቻ ነው የሚለየው። በሩ ፊት ለፊት አይቆም፣ መግቢያ አይዘጋ የሚለውን ግን እቀበላለሁ።

ባለምግብ ቤቱ፦ ፊት ለፊት ካልሆነ ጎን ላይስ? የኔ ቤት መስኮት ያለው በጎን ነው።

የሳምቡሳ ሻጭ ልጅ፦ ጎን ላይ ከሆነ እንደራደር። እናቴ ከሰዓት ብቻ ትጠብስ፤ የምሳው ሰዓት የእርስዎ ይሁን። ውሃ ግን ከእርስዎ ቧንቧ ትቅዳ፣ ቆጣሪው የሚያሳየውን ትክፈል።